ሐምሌ 6 በሙዚቃ ታሪክ፦ ከሲናትራ የመጀመሪያ ሸክላ እስከ ዌምብሌይ

ሸክላ ፈላጊ (ክሩን የከፈተ) · ሐምሌ 6፣ ከጠዋቱ 2:15

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ሰዎች። ዛሬ ሐምሌ 6 ነው። በፈረንጆቹ ጁላይ 13። ትናንት ጴጥሮስ ወጳውሎስ ነበር፣ ነገ ሥላሴ ነው። እኛ አገር በሁለት በዓል መሀል ያለች ዝናባማ ቀን ናት። በውጭው ዓለም ሙዚቃ ግን ይህች ቀን ብዙ ነገር ተሸክማለች።

ከሩቁ ልጀምር። እ.ኤ.አ. 1939 ነው፤ በእኛ 1931፣ አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ ሳለች። ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የ23 ዓመት ቀጭን ልጅ ከሃሪ ጄምስ ኦርኬስትራ ጋር ስቱዲዮ ገብቶ ሁለት ዘፈን ቀዳ። ፍራንክ ሲናትራ ነው። የመጀመሪያ ሸክላው የተቀዳው ያን ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ የሮክ ባንዱ ኩዊን የመጀመሪያ አልበማቸውን እንግሊዝ ውስጥ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1977 ኒውዮርክ ከተማ መብራት ጠፋባት። ይሄ ከሙዚቃ ጋር ምን አገናኘው የምትሉ ካላችሁ የሂፕ ሆፕ ሰዎቻችን ይመልሱላችኋል።

ከዚያ 1985 መጣ። በእኛ 1977። ላይቭ ኤይድ።

ለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም 72 ሺህ ሰው። ፊላደልፊያ ወደ 90 ሺህ የሚጠጋ ሰው። በሳተላይት የተያያዘ፣ 16 ሰዓት ገደማ የፈጀ ኮንሰርት። ተመልካቹ 1.9 ቢሊዮን ይደርሳል ተብሎ ተገምቷል። የተዘጋጀውም ለእኛ ረሃብ ነው። እኔ ያኔ አልተወለድኩም። ግን ላይቭ ኤይድ በተነሳ ቁጥር ሰው የሚያወራው ስለ ኩዊኑ ዘፋኝ ስለ ፍሬዲ መርኩሪ ብቻ ነው። ኮንሰርቱ ለምን እንደተደገሰ የሚያነሳ አላጋጠመኝም ማለት ይቻላል። ይሄ ነገር ይከነክነኛል። ያን ቀን የምታስታውሱ ታላላቆቻችን ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልን።

---

ባለ ስድስት ክር · 2:50

ስለ ፍሬዲ የሚወራው ያለ ምክንያት አይደለም ወዳጄ። ጊታር ከያዝኩ 15 ዓመት ሆኖኛል። ያንን ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም።

ኩዊን መድረክ የወጡት በለንደን አመሻሽ ላይ ነው፤ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 2:41። የተሰጣቸው 20 ደቂቃ ገደማ ነው። በዚያች ጊዜ ስድስት ዘፈን አስገቡባት። ዝም ብለው አልመጡም፤ በዚያው ሳምንት ለንደን ሾ ቴአትር ገብተው ተለማምደዋል።

እስቲ ቪዲዮውን ክፈቱና ፒያኖው ላይ ተመልከቱ። የፔፕሲ ኩባያዎች ተደርድረውበታል። ፍሬዲ እየሮጠ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ቁልፎቹን ይነካል፣ ሕዝቡ ወዲያው ዘፈኑን ያውቀዋል። ከዚያ ይነሳና ያንን ግማሽ ዘንግ ያለውን ማይክራፎን ይይዛል። መሀል ላይ ባንዱ ዝም ይላል። እሱ ብቻውን በድምፁ ዜማ ያወጣል፣ ስታዲየሙ ይመልሳል። ያረዝመዋል፣ ይመልሳሉ። ይሰብረዋል፣ ይመልሳሉ። ይሄ እኮ እኛ የምናውቀው «ተቀበል!» ነው። አዝማሪ ቤት እንግዳው ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ይቀበላል። ዌምብሌይ ላይ ዘፋኙ ሰጠ፣ ሕዝቡ ተቀበለ።

ሌላ ሰው የማይለውን ልበል። ያን ቀን የኩዊን የመጀመሪያ አልበም የወጣበት 12ኛ ዓመት ነበር፣ ልክ በቀኑ። ከዚያ አልበም ቀድማ የወጣችው የመጀመሪያ ዘፈናቸው ገበያ ላይ ወድቃ የቀረች ነበረች። ደግሞ ፍሬዲ የዛንዚባር ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 እዚያ ነው የተወለደው፣ ፋሩክ ቡልሳራ ተብሎ። ከ1964ቱ አብዮት በኋላ ቤተሰቡ ሸሽቶ እንግሊዝ ገባ። ለኢትዮጵያ በተደገሰው መድረክ ላይ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ዘፋኝ የእኛው የምሥራቅ አፍሪካ ልጅ ነው። እኔን ይሄ ደስ ይለኛል።

ከመሄዴ በፊት ሁለት ነገር። ዱራን ዱራን ፊላደልፊያ ላይ ሲጫወቱ ዘፈናቸው በዚያው ቀን አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ነበር። ፊል ኮሊንስ ደግሞ ዌምብሌይ ተጫውቶ፣ በኮንኮርድ አውሮፕላን አትላንቲክን ተሻግሮ፣ እዚያም ተጫወተ።

---

አርቃቂ · 3:05

አንድ እርማት። ሲናትራ ያን ቀን የቀዳው ለገበያ የወጣውን የመጀመሪያ ሸክላውን ነው። ከዚያ በፊት፣ በመጋቢት ወር፣ ለራሱ ያስቀዳው አንድ ዘፈን አለ። ለሽያጭ አልወጣም። እንዲሁም በዚያው 1939 ነሐሴ ማብቂያ ላይ ከሃሪ ጄምስ ጋር የቀዳው ሌላ ዘፈን ያኔ ብዙም ሳይሸጥ ቀርቶ፣ በ1943 እንደገና ሲወጣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። በአራት ዓመት ውስጥ ልጁ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር።

---

ፍቅርተ ዘ አራት ኪሎ · 3:12

ይቅርታ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ሐምሌ 6 ሁሌም ጁላይ 13 ነው? ወይስ በጳጉሜ 6 ምክንያት አንዳንዴ ይዛነፋል?

---

አርቃቂ · 3:20

ሐምሌ ላይ አይዛነፍም። ጳጉሜ 6 ስትሆን የሚዛነፈው ከመስከረም እስከ የካቲት ያለው ነው። የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29 ሲመጣ ይስተካከላል። ስለዚህ የ1977ቱም የዘንድሮውም ሐምሌ 6 ያው ጁላይ 13 ነው።

---

ቢት ሰሪ · 3:40

ስለ መብራቱ እኔ ልበል!

እ.ኤ.አ. ጁላይ 13፣ 1977። ከባድ ሙቀት። ከምሽቱ በፈረንጆቹ 8:37 ላይ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ በመብረቅ ተመታ። ከዚያ አንዱ መስመር ሌላውን እየጎተተ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ኒውዮርክ ጨለማ ሆነች። መብራት ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ አንድ ቀን ያህል ፈጀ። ሌሊቱን ከ1,600 በላይ ሱቆች ተዘረፉ ወይም ተጎዱ፤ ከ3,700 በላይ ሰው ታሰረ።

የሂፕ ሆፕ ዲጄው ግራንድማስተር ካዝ ያን ማታ ብሮንክስ ውስጥ መናፈሻ ላይ ከዲጄ ዲስኮ ዊዝ ጋር ሙዚቃ ያጫውት ነበር። መብራት የሚስቡት ከመንገድ መብራት ምሰሶ ነው። ድንገት ሁሉም ነገር ቀጥ አለ። መጀመሪያ እነሱ ያጠፉት መስሏቸው ነበር። ከዚያ ጎዳናው በሙሉ መጨለሙን አዩ። ካዝ በዚያ ሌሊት አንድ ሚክሰር (የድምፅ ማቀላቀያ) እንደወሰደ ራሱ ተናግሯል። በማግሥቱ በየሰፈሩ አዲስ ዲጄ ተፈጠረ ይባላል፤ መሣሪያ ያልነበረው ሁሉ መሣሪያ ኖረው። ለእኔ ሂፕ ሆፕ የተወለደው ያን ሌሊት ነው።

---

ከብሮንክስ · 4:02

ወንድሜ፣ ሰላም ነህ? እኔ ብሮንክስ ስኖር 22 ዓመቴ ነው፤ ታክሲ ስነዳ ሰፈሩን ጥግ በጥግ አውቀዋለሁ። «ተወለደ» ያልከው ላይ አልስማማም።

የሂፕ ሆፕ ልደት ኦገስት 11፣ 1973 ነው። ሴጅዊክ ጎዳና፣ ቁጥር 1520። ሕንፃው አሁንም አለ፤ አውራ ጎዳናው ሥር የቆመ፣ ተራ የመኖሪያ ሕንፃ ነው። እዚያ ምድር ቤት ባለው አዳራሽ ዲጄ ኩል ኸርክ እህቱ ላዘጋጀችው ፓርቲ ሙዚቃ አጫወተ። ከሸክላው ላይ የከበሮዋን ቦታ ብቻ እየመላለሰ። መብራት ሲጠፋ እነዚህ ልጆች አራት ዓመት ሠርተው ነበር። ካዝም ቢሆን ያን ማታ መናፈሻ ውስጥ ያገኘው ሙዚቃ እያጫወተ ነው ብለሃል አይደል? ስለዚህ ሥራው ነበረ።

ደግሞ የተዘረፈው የድምፅ መሣሪያ ብቻ አይደለም። ዳይፐር፣ ጫማ፣ ሶፋ ሁሉ ተወስዷል። ብዙ የሰፈር ባለ ሱቅ ከዚያ ሌሊት በኋላ አልከፈተም። እዚህ የኖሩ ሽማግሌዎች ሲያወሩ የሚያነሱት እሱን ነው። ሙዚቃውን ብቻ ካነሳን የእነሱን ኪሳራ እንረሳለን።

---

ቢት ሰሪ · 4:10

እውነት ብለሃል። «ተወለደ» የሚለውን አነሳሁ። «ተባዛ» ልበል። ስለ ባለ ሱቆቹም አላሰብኩም ነበር፣ አመሰግናለሁ።

---

ቀጥተኛው · 4:35

ኮንሰርቱን ሁሉም ያደንቃል። እኔ ወደ መነሻው ልሂድ።

ላይቭ ኤይድን የወለደው ሙዚቀኞቹ ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር በኅዳር 1977 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ ያስቀዱት የባንድ ኤይድ ዘፈን ነው። ርዕሱ ራሱ «ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ?» የሚል ጥያቄ ነው። ስለ እኛ። ረሃቡ ቢቢሲ ላይ የታየው ከኮረም ነው። ኮረም ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። ላሊበላም እንደዚያው። በገና ዕለት ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ፣ አለቱ ጫፍ ላይ ቆመው «ቤዛ ኩሉ»ን የሚያዜሙበት አገር ነው! ከ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ክርስትናን የያዘ ሕዝብ ገናን ያውቃል ወይ ተብሎ ይጠየቃል? ዘፈኑ ደግሞ ወንዝ የማይፈስበት አገር አድርጎ ይስለናል። ዓባይ ከየት ነው የሚነሳው? ተከዜስ?

ገንዘብ ስለሰጡ አመሰግናለሁ። ሥዕሉ ግን ተጣብቆብን ቀረ። አውሮፓ ስኖር «ኢትዮጵያዊ ነኝ» ስል ሰዎች ፊት ላይ የማነበው ያንን ሥዕል ነው። እስከ ዛሬ ያመኛል።

---

የድሮ ተማሪ (ለንደን) · 5:20

ልጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። የቀጥተኛውን ሕመም አውቀዋለሁ፣ እኔም አልፌበታለሁ። ግን ያን ቀን እዚያው ለንደን ነበርኩና ያየሁትን ልንገራችሁ።

ተማሪ ነበርኩ። ሰሜን ለንደን አንዲት ክፍል ውስጥ አራት ኢትዮጵያውያን ተሰብስበን በተከራየነው ቴሌቪዥን አየን። ኮንሰርቱ ልክ በእኩለ ቀን ጀመረ። ስቴተስ ኮ ናቸው የከፈቱት። እኔ ሬዲዮውን ከፍቼ በ90 ደቂቃ ካሴት እቀዳ ነበር፤ የቢቢሲ ሬዲዮ 1 አብሮ ያስተላልፈው ነበርና። ካሴቶቹ ዛሬም አሉኝ።

ከመሀከላችን አንዱ የወሎ ልጅ ነው። ከቤቱ ደብዳቤ ካገኘ ወራት አልፎት ነበር። ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም ማለት ይቻላል። ዩ ቱ ሲጫወቱ፣ ዘፋኙ ቦኖ ከመድረክ ዘሎ ወርዶ ከተመልካች አንዷን ልጅ አቅፎ ሲደንስ፣ እኛ ስንጯጯህ እሱ ዝም።

ማምሻውን ዴቪድ ቦዊ ወጣ። ሲጨርስ አንድ ፊልም አስተዋወቀ። ያ ፊልም ይታይ ብሎ ከራሱ ዘፈኖች አንዱን እንደተወ በኋላ ነው የሰማሁት። የካናዳ ቴሌቪዥን ከኢትዮጵያ የቀረፀው ነው፤ በካርስ ባንድ ዘፈን ታጅቦ። ልጆቹ ታዩ። አንድ ሕፃን ለመቆም ሲታገል ታየ። 72 ሺህ ሰው ያለበት ስታዲየም ጸጥ አለ። የእኛም ክፍል ጸጥ አለ። የወሎው ጓደኛችን ተነስቶ ወጣ። በመስኮት አየሁት፤ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ይዟል። የስልኩ መዋጮ በብዛት መጉረፍ የጀመረው ከዚያ ፊልም በኋላ ነው። ከዘፈኖቹ ሁሉ በላይ ሰውን የነካው እሱ ነበር።

ስለዚህ ልጄ ሸክላ ፈላጊ፣ ቀኑ ለምን እንደተደገሰ የሚያነሳ የለም ያልከው እውነት ነው። በዕለቱ ግን ሁሉም ያውቅ ነበር።

---

ሸክላ ፈላጊ · 5:31

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጓደኛዎ በኋላ ከቤተሰቡ ተገናኘ?

---

የድሮ ተማሪ (ለንደን) · 5:44

እናቱን አገኛት። አባቱንና ታናሽ እህቱን አላገኘም።

---

ወሎዬዋ · 6:30

እኔ ብዙ አልጽፍም ነበር፤ የጋሼን ሳነብ ግን አላስቻለኝም።

በሰባ ሰባት የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ኮረም መጠለያው ውስጥ ነበርን፤ እናቴ፣ ሁለት ወንድሞቼና እኔ። የማስታውሰው ብርዱን ነው። ሰው ኮረምን ሲያስብ ሙቀትና በረሃ ይመስለዋል። ኮረም ደጋ ነው። ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። ብርድ ልብስ ያገኘ ሰው ስንዴ ካገኘ ሰው እኩል ይቀናበት ነበር። ጠዋት ጠዋት ፋፋ በትልቅ በርሜል ይቀቀላል። ጣሳ ይዘን እንሰለፋለን። የእኔ ጣሳ ዳር ዳሩ የተላጠ አረንጓዴ ነበር፣ እጀታው ተነቅሏል፤ ትኩስ ሲሆን በቀሚሴ ጫፍ ነበር የምይዘው።

ስለ ኮንሰርት ማን ነግሮን? ስንዴውን ማን እንደላከው እንኳን አናውቅም። እናቴ «ሰጪው እግዜር ነው» ትል ነበር። ትንሹ ወንድሜ እዚያው ቀረ።

ላይቭ ኤይድ የሚባለውን ያወቅሁት ጅዳ ሰው ቤት ስሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005። ልብስ እየተኮስኩ ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል። ለንደን ላይ ትልቅ ኮንሰርት ይታያል። የድሮው ፊልም ታየ፣ ከዚያ የሀበሻ ቀሚስ የለበሰች ቆንጆ ወጣት መድረክ ላይ ወጣች። ያቺ ፊልሙ ውስጥ ስትሞት የሚመስለው ሕፃን ናት አሉ። ማዶና እጇን ይዛ ዘፈነች። ካውያውን አስቀምጬ ቆምኩ። እመቤቲቱ «ምን ሆነሽ?» አለችኝ። «ይህች እኔ ነኝ» አልኳት። አልገባትም።

ቀጥተኛው ወንድሜ፣ ዘፈኑ ስለ ገና ያለው ነገር እኔንም ያናድደኛል። ግን ያንን ፋፋ በልቻለሁ። ሁለቱንም አልክድም።

---

ባለ ስድስት ክር · 6:48

እትዬ፣ ያዩዋት ብርሃን ወልዱ ናት። የትግራይ ልጅ ናት። የካናዳው ጋዜጠኛ ብራያን ስቱዋርት መቐለ ክሊኒክ ውስጥ ሲያገኛት ከደቂቃዎች በላይ አትቆይም ተብሎ ተስፋ ተቆርጦባት ነበር። በሕይወት ተረፈች፣ ተማረች። እርስዎ ያዩት ላይቭ ኤይት የሚባለው ነው፤ እ.ኤ.አ. ጁላይ 2፣ 2005፣ ሃይድ ፓርክ።

ስለ ኮረሙ ፊልምም አንድ ሰው መነሳት አለበት። ካሜራውን የያዘው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነው። እሱና የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል ቡርክ የሠሩት ዘገባ ጥቅምት 13፣ 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ላይ ባይታይ ዘፈኑም ኮንሰርቱም አይኖርም ነበር። አሚን እ.ኤ.አ. በ1996 በተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ነበር፤ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ ሕይወቱ አለፈ። ነፍሱን ይማር።

---

ቀጥተኛው · 7:15

እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። እኔ ስለ ክብሬ ሳወራ እርስዎ ስለ ወንድምዎ ነገሩን።

አንድ ነገር ግን ለወጣቶቹ ልጨምር፤ ጥፋቱ የፈረንጆቹ ዘፈን ብቻ እንዳይመስል። ረሃቡ እየገደለ ሳለ፣ መስከረም 1977 ላይ ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በከፍተኛ ወጪ አዲስ አበባ ላይ ያከብር ነበር። ከ4 መቶ ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን የሚገመት ሰው አልቋል። ዝናብ መጥፋቱ አንዱ ምክንያት ነው። ጦርነቱና መንግሥት ነገሩን መደበቁ ሌላው ነው።

---

ከብሮንክስ · 7:30

ገንዘቡ ተዘርፎ ጦር መሣሪያ ተገዛበት የሚባለውስ?

---

አርቃቂ · 7:52

እርዳታ ላይ ማጭበርበር ነበረ ብለው የተናገሩ ሰዎች አሉ። የባንድ ኤይድን ገንዘብ በተመለከተ ግን ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2010 ባቀረበው ዘገባ፣ ለዚያ በቂ ማስረጃ ሳይኖረው እንዲህ ያለ ግንዛቤ በመስጠቱ በዚያው ዓመት በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ዜና ሰምቶ ይቅርታውን አልሰማም።

---

ፍቅርተ ዘ አራት ኪሎ · 8:10

እኔን የሚገርመኝ ለኢትዮጵያ በተደገሰ መድረክ ላይ አንድ ኢትዮጵያዊ ዘፋኝ ጠፋ? ጥላሁን ነበረን። «ዋይ ዋይ ሲሉ»ን የመሰለ ስለ ረሃብ የተዘፈነ ዘፈን ነበረን። ያንን ዘፈን ሰምቶ ዓይኑ እንባ ያላቀረረ ሰው አላውቅም። ቃሉን ባይረዱት እንኳ ድምፁ ይበቃቸው ነበር።

---

ባለ ስድስት ክር · 8:25

ይሄ የእኔም ቁጭት ነው። አፍሪካውያን ግን ዝም አላሉም ነበር። ካሜሩናዊው ማኑ ዲባንጎ፣ ሞሪ ካንቴንና ሳሊፍ ኬይታን ጨምሮ ብዙ የአፍሪካ ሙዚቀኞችን ሰብስቦ «ታም ታም ለኢትዮጵያ» የሚል ሥራ ፓሪስ ላይ ሠርቷል። ስንቶቻችን እናውቀዋለን? የባንድ ኤይድን ዘፈን የማያውቅ የለም፤ የማኑን ግን ፈልጎ ማግኘት ግድ ነው። ዛሬ ፈልጉት።

---

የድሮ ተማሪ (ለንደን) · 9:05

ልጄ ፍቅርተ፣ የእኛዎቹም ኋላ መጥተዋል። በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው ቡድን አውሮፓና አሜሪካን ዞሮ ነበር። ዓላማው ምስጋና ነው፤ በረሃቡ ጊዜ ለደረሰልን ሕዝብ። ከየብሔረሰቡ ዘፈንና ጭፈራ ይዘው ነው የመጡት። እስክስታው ሲወርድ አዳራሹ ውስጥ ያለው ፈረንጅ አጠገቡ ያለውን ሰው እያየ ነበር። እኔ ያን ማታ ቀና ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በላይቭ ኤይድ ማግሥት አውቶቡስ ውስጥ አንገቴን ደፍቼ የሄድኩ ሰው ነኝ።

---

ሸክላ ፈላጊ · 9:20

ጋሼ፣ ካሴቶቹ አሉኝ ብለዋል። የራስዎ ድምፅም አለበት? ማለቴ የክፍሉ ድምፅ?

---

የድሮ ተማሪ (ለንደን) · 9:48

ከሬዲዮው በቀጥታ ስለምቀዳ የክፍሉ ድምፅ የለም። አንድ ቦታ ብቻ፣ ሽቦው ላልቶ ስለነበር ሬዲዮ ቴፑ በራሱ ማይክራፎን ቀድቷል። ኩዊን ሊወጡ ሲሉ ካሴቱ አለቀ፣ እየገለበጥኩ የመጀመሪያው ዘፈን መግቢያ አመለጠኝ። ከተገለበጠ በኋላ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች እንደ ሩቅ ይሰማሉ። እዚያ ላይ ያ የወሎው ጓደኛችን «ድምፁን ቀንሱት» ሲል ይሰማል። ቀኑን ሙሉ የተናገረው እሱን ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት አረፈ።

ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ እመጣለሁ፤ ስድስቱንም ካሴት ይዤ እመጣለሁ። የሚያጫውት ነገር ግን የለኝም።

---

ሸክላ ፈላጊ · 9:55

እኔ አለኝ ጋሼ። ቀበቶው ላልቷል፣ እስከዚያ አስቀይረዋለሁ።

---

ወሎዬዋ · 10:12

አዲስ አበባ ነኝ። እኔም መጥቼ ብሰማ ደስ ይለኛል። ቡናውን እኔ አፈላለሁ።